ድምፅ መቅጃዋ ጎፋ ደረሰች

ጆሯችሁን ስጡኝ። የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ልጅ፣ ስለ አያቷና በመዳፍ ስለምትያዝ አንዲት ድምፅ መቅጃ ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው። ልጅቷ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ አያቷ ጎፋ ሰፈር። ስማቸውን አልጠራም።

አያትየዋ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። በደህናው ጊዜ አልቃሽ ነበሩ፣ ሙሾ አውራጅ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ቦታ ይለቅላቸዋል። ሟቹ የማን ልጅ እንደነበር፣ የት እንደተወለደ፣ በምን ሙያ እንደኖረ፣ ማንን እንዳበላና ማንን እንዳስታረቀ ከቤተ ዘመዱ ጠይቀው ይረዱና ወዲያው በግጥም ያወርዱታል። ዓይኑ ደርቆ የመጣ ሰው ሳያለቅስ አይወጣም። ያ ሁሉ ግጥም የትም አልተጻፈም። ድንኳን ውስጥ ተባለ፣ ሰው ሰማው፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ አበቃ። ዛሬ የእማማ ጉልበት ደክሟል፤ ለቅሶ ሲደርሱ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ አያወርዱም።

ግን ቡና ሲፈላ ትዝ ይላቸዋል። ሁለተኛው ስኒ ላይ ዝም ይሉና «ለእገሌ እኮ እንዲህ ብዬ ነበር» ብለው አራት አምስት ስንኝ ያወጣሉ። ልጅቷ ትሰማለች፣ ትገረማለች፣ ማታ ጀሞ ስትደርስ ግን ግማሹ ከራሷ ጠፍቷል። በስልኳ መቅዳት ሞከረች። መሃል ላይ ሰው ይደውልና ቅጂው ይቋረጣል። ሳይቋረጥ ሲቀርም ከእማማ ድምፅ ይልቅ የጎረቤት ጄኔሬተር ጎልቶ ይሰማል። አሜሪካ ያለው አጎቷ ይህን ሰማ። አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንዲት ድምፅ መቅጃ፣ አንድ ሚሞሪ ካርድና አንድ ሄድፎን ላከላት።

እንግዲህ ስሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን በተቀበለበት ቀን ታክሲ ይዞ ጎፋ ይሮጥ ነበር። እሷ አልሮጠችም። መሣሪያዋን እጇ እስኪለምዳት ድረስ ቤቷ አስቀመጠቻት። «እማማ ፊት ቁጭ ብዬ ቁልፍ የምፈልግ ከሆነ እማማን መቼ እሰማቸዋለሁ?» አለች። ይህን ንግግሯን ያዙልኝ፤ ትረካው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ሥራዋን የጀመረችው ከባትሪ ድንጋዩ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱቅ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ መሣሪያዋን ያስነሳታል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ለቁም ነገሩ አልካላይን፣ ለልምምዱ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ገዛች። ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በእንዲህ ዓይነቶቹ መሣሪያዎች ሜኑ ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት የሚያስመርጥ ቦታ አለ። አልካላይኑ 1.5 ቮልት ነው፣ ቻርጅ የሚደረገው 1.2። በትክክል ካልተመረጠ የቀረውን ኃይል አዛብታ ታሳያለች፤ ገና አለኝ እያለች ድንገት ትጠፋለች። ቅጂ ላይ እያለች ከጠፋች ደግሞ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሳይዘጋ የቀረ ፋይል ኮምፒውተር ላይ አልከፈትም ሊል ይችላል። የአንዲት አሮጊት የአንድ ሰዓት ትዝታ በአንድ ድንጋይ ምክንያት ይጠፋል ማለት ነው። ልጅቷ የምርጫውን ቦታ አገኘችው፣ አስተካከለችው፣ ትርፍ ድንጋይም ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ እንዲኖር ወሰነች።

ቀጥሎ ካርዱ። በየገበያው 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ሲታይ ግን የተባለውን ያህል የማይዝ ካርድ አለ። እንዲህ ያለው ካርድ እስኪሞላ ድረስ ደህና ይመስላል፣ ከሞላ በኋላ የተቀዳው ነው ባዶ ሆኖ የሚገኘው። የእሷ 32 ጊጋ ነበር። አላመነችውም። ኮምፒውተር ላይ በፊልም ሞላችውና መጨረሻ የገባውን ከፍታ አየች፤ ሠራ። ከዚያ ወደ መሣሪያዋ መልሳ እዚያው ፎርማት አደረገችው። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን እዚያው መሣሪያዋ ላይ ማድረጉ የሚሻለው መሣሪያዋ ፋይሎቿን የምታስቀምጥበትን ቦታ ራሷ እንድታዘጋጅ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን መሙላት ላይ ስትደርስ ቆም አለች። መሣሪያዋ የምታውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። እኛ 2017 ላይ ስንሆን እሷ 2025 ትላለች፤ ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ለእሷ 14 ሰዓት ነው። መስከረም ላይ ደግሞ የልዩነቱ ዓመት ከስምንት ወደ ሰባት ይወርዳል። በእኛ አቆጣጠር ልሙላው ወይስ በእነሱ? በእኛ ብትሞላው ኮምፒውተሩ ላይ ሲገባ ቅጂዎቹ ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ መስለው ይደረደራሉ፣ ጳጉሜንን ደግሞ መሣሪያዋ ከነጭራሹ አታውቃትም። ስለዚህ መሣሪያዋን በፈረንጁ አቆጣጠር ሞላችና ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች፤ እያንዳንዱ ቅጂ ሲጀመር በራሷ ድምፅ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ትናገራለች። ፋይሉ ስሙ ቢቀየር፣ ካርድ ለካርድ ቢገላበጥ፣ ያ ንግግር ከድምፁ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ይህን ነገር እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። የአባቶቻችን የብራና ጽሑፎችስ መጨረሻቸው ላይ ማን እንደጻፋቸው፣ ለማን እንደተጻፉ፣ በማን ዘመን እንደተጻፉ ይናገሩ የለም?

የፋይሉ ዓይነት ሁለት ምርጫ አለው። ኤምፒ3 ቦታ አይፈጅም፤ በ128 ኪሎቢት ከተቀዳ ለአንድ ሰዓት 60 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል። ቦታ የሚቆጥበው ግን ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ድምፅ እየጣለ ነው፤ የተጣለውም አይመለስም። ዋቭ የሚባለው ምንም አይጥልም። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በስቴሪዮ ከተቀዳ ለአንድ ሰዓት አንድ ጊጋ ገደማ ይወስዳል። የልጅቷ ካርድ እንዲህ ሲሆን ሠላሳ ሰዓት ያህል ይይዛል። እማማ በአንድ ተቀምጠው ሠላሳ ሰዓት አያወሩም። ዋቭን መረጠች። ለስልክ መላኪያ ኤምፒ3 ከዋቭ ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ግን የተጣለውን መልሶ ማምጣት አይቻልም።

ከዚያ ቀዩ መብራት። አንዳንድ መሣሪያዎች የመቅጃውን ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት ወዲያው ይቀዳሉ። ሌሎች ግን አንዴ ሲጫኑት ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይህም «ተዘጋጅቻለሁ፣ እየሰማሁ ነው፣ ገና ግን አልቀዳሁም» ማለት ነው። ሁለተኛ ሲጫኑት መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል፣ ሰዓት ቆጣሪውም መሮጥ ይጀምራል። ስንት ጋዜጠኛ፣ ስንት ተማሪ በዚያ ብልጭታ ተታሎ ባዶ እጁን ተመልሷል! የእሷ መሣሪያ ሁለት ጊዜ የምትጫን ነበረች። ልጅቷ መብራቱን ትታ ቆጣሪውን ማየት ተማረች፤ ሰከንዱ ካልተራመደ ቅጂ የለም።

ዋናው ትምህርት ግን የድምፅ መጠኑ ነው። በመሣሪያዋ ስክሪን ላይ ሰው ሲናገር ወደ ቀኝ የሚዘረጋ መስመር አለ፤ ጫፉ ላይ ዜሮ ተጽፏል። ድምፁ ዜሮን ሲነካ የገነፈለ ጀበና ነው፤ የፈሰሰው ተመልሶ አይገባም። የተሰነጠቀ ድምፅ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ቢቀንሱት ዝቅ ብሎ የተሰነጠቀ ድምፅ ይሆናል እንጂ አይጠገንም። በጣም ዝቅ አድርገው ከቀዱት ደግሞ ኋላ ከፍ ሲያደርጉት የመሣሪያው የራሱ ሹክሹክታ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ሰውዬው በመደበኛ ድምፁ ሲናገር ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲመታ ይደረግና ለሳቅ፣ ለጩኸት፣ ለእንጉርጉሮ ቦታ ይተዋል። ለእማማ ይህ ቦታ ትልቅ ነገር ነው። እሳቸው በሹክሹክታ ጀምረው በአንድ ትንፋሽ ወደ ዋይታ የሚወጡ ሰው ናቸው።

መሣሪያዋ «ለእኔ ተዪው» የሚል ቁልፍም አላት፤ መጠኑን በራሷ የምታስተካክልበት። ልጅቷ ሞከረችው። ሰው ሲናገር ደህና ነው። ዝም ሲል ግን መሣሪያዋ «ድምፅ ጠፋ» ብላ ትፈልጋለች፤ የፍሪጁን ጉርምርምታ፣ የሩቁን የመኪና ጥሩንባ አውጥታ ወደ ፊት ታመጣለች። ሙሾ ደግሞ ያለ ዝምታው ሙሾ አይደለም። ዘጋችው፤ በእጇ ማስተካከልን መረጠች። ታናሽ ወንድሟን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጋዜጣ አስነበበችው፣ አስጮኸችው፣ አስዘፈነችው፣ አንዴ በስንዝር ርቀት፣ አንዴ በክንድ፣ አንዴ ክፍሉ ማዶ ሆና ቀዳችው። በስንዝር ርቀት ፊት ለፊት ሲሆን «ጰ» እና «ፐ» ማይኩን ይመቱታል፤ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ሲል ይጠፋል። ክፍሉ ማዶ ሲሆን የባዶው ክፍል ማስተጋባት ይበልጣል። ጥሩው ቦታ ከስንዝር እስከ ክንድ መካከል ሆኖ ተገኘ።

ከቤት ወጥታ ኃይሌ ጋርመንት ወረደች። የአትክልቱ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ተነስቶ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ከሌሊቱ ጀምሮ ድምፅ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። ቲማቲም የሚያራግፈው፣ ዋጋ የሚጠራው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ከመንገዱ ማዶ «ጀሞ! ለቡ! ጀርመን!» የሚለው ረዳት። ሄድፎኗን አድርጋ ቆመች። መጀመሪያ ሰው አልሰማችም። የሰማችው ጉርርር የሚል ነገር ነበር፣ ንፋስ። ጆሯችን ንፋስን ማለፍ ያውቅበታል፤ ማይክ አያውቅበትም። ለስለስ ያለ ንፋስ እንኳ ማይኩ ላይ ሲመታ ነጎድጓድ ይሆናል። በሜኑው ውስጥ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ስታበራው ጉርምርምታው ቀለል አለ፣ ግን አልጠፋም። ቤት ተመልሳ ስፖንጅ ቆረጠች፣ በላዩ ላይ ከአሮጌ ጃኬት ኮፍያ ጫፍ የተገፈፈ ሰው ሠራሽ ጸጉር ሰፋችና ማይኩን አለበሰችው። ንፋሱ ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱን ይጨርሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ኃይሌ ጋርመንት ስትቆም የሽንኩርት ነጋዴዋ ሳንቲም ስትቆጥር ሳይቀር ሰማች።

እዚህ ላይ ልጅቷን ገበያው መሃል ትተን ትንሽ ወደኋላ እንመለስ፤ የያዘችው ነገር በአገራችን አዲስ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምጿን ላከች። ድምፁ የተቀዳው በሰም ሲሊንደር ላይ ነበር። መልእክተኛው ካፒቴን ሐሪንግተን አዲስ አበባ አድርሶ በፎኖግራፍ አሰማቸው። ንግሥቲቱ ግን ድምጿ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አዛ ነበር፤ ተሰብሮ ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው መልሳቸውን በሰሙ ላይ ተናገሩ። የእነሱ ድምፅ ተረፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ያ ድምፅ ዛሬም ይሰማል፤ ስንጥቅጥቅ ይላል፣ ይርቃል ይቀርባል፣ ግን የአድዋው ንጉሥ ሲናገር ነው።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው በሸክላ ላይ ዘፈኑ። ግጥም አዋቂ ነበሩ፣ ቅኔው የሚፈስላቸው። እነዚያ ሸክላዎች ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ የሸክላ ቅጂዎች ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስን 27ኛ ቅጽ ለእሳቸው ሰጠው። አስቡት፤ በዚያ ዘመን ድምፅን ለማስቀረት ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር።

ቴፑ ሲመጣ ባሕር መሻገሩ ቀረ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው መጽሐፉን ዛሬ ቢያነብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ወጋየሁ የለም፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የሉም፣ ትረካው ግን ከእናት ለልጅ፣ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። እኔም ዛሬ እንዲህ በወረቀት ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምተርከው ያንን ድምፅ በጆሮዬ ይዤ ስላደግሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕስ ያወጣው ካሴት ደግሞ ነገሩን ከስቱዲዮ አውጥቶ ቤታችን አስገባው። ያኔ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ደብዳቤ በመጻፍ ፋንታ ካሴት ይልክ ነበር። ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይሰማል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ከዚያ በካሴቱ ጀርባ የሁሉም ሰላምታ ተቀድቶ ይመለሳል። እንዳይጠፋ የተፈለገ ካሴት ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይሰበራሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት በላዩ አይቀዳበትም። ስንቱ ቤት ግን ሳይሰብር ቀርቶ በአባቱ ድምፅ ላይ የሳምንቱን ዘፈን ቀድቶበታል። የጠፋውን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሌላም ልንገራችሁና ወደ ልጅቷ እንመለስ። የ1977ቱ ድርቅ ሰሜን ሸዋን ሲመታ ገበሬው ስለ ረሃቡ፣ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ፈጣሪው ገጥሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ቃል ምሁር ፈቃደ አዘዘ እነዚያን ግጥሞች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። ባይሰበስቡ ኖሮ ያ ረሃብ የሚታወቀው በፈረንጅ ካሜራ በተነሳው ፎቶግራፍ ብቻ ይሆን ነበር፤ የተራበው ሰው ራሱ ያለው ነገር አይሰማም ነበር። የእኛዋ ልጅ አያትም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። ያ ዘመን በአንደበታቸው ውስጥ አለ።

ልጅቷ ጎፋ የሄደችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሑድን አልመረጠችም፤ ከጎፋ ገብርኤል የድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ ሰውም ይበዛል። ክረምትንም አልመረጠች። በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ እንኳን መሣሪያ ሰውም ሰውን አይሰማም። ጀርመን አደባባይ ወርዳ ሌላ ታክሲ ያዘች። ቤቱ ስትደርስ አልቀዳችም፤ መጀመሪያ ጆሮዋን ሰጠች። ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ሶኬቱን ነቀለች፤ ኋላ መመለሱን እንዳትረሳ የቤቷን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠች፣ ያለ ቁልፉ ጀሞ መግባት የለምና። ስልኮቹን ሁሉ አጠፋች፤ ስልክ መሣሪያ አጠገብ ሲሆን ገና ሳይጠራ የሚለቀው ጢጢጢ የሚል ድምፅ ቅጂው ውስጥ ይገባል። እማማን ከመስኮቱ አርቃ መጋረጃና አልጋ ባለበት ጥግ አስቀመጠቻቸው፤ ጨርቅ ማስተጋባትን ይጠጣል። መሣሪያዋን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ አላስቀመጠችም፣ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር ቅጂው ይመታልና። ከሥሯ የታጠፈ ነጠላ አደረገችላት።

ከሁሉ በፊት ግን ጠየቀች።

«እማማ፣ ልቅዳዎት?»

«ምን ልትቀጂ ነው እናቴ?»

«ሙሾዎን። የልጅነትዎን ነገር። የፈቀዱትን።»

«ማን ሊሰማው?»

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር፤ መልሱን ግን ራሷ አልሰጠችም። «እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። እማማ አሰቡ። የቤተሰብ ነገር ለቤተሰብ፣ አሉ። የሰው ልጅ ሲሞት ያሉትን ሙሾ ደግሞ የሟቹ ልጆች ሳይፈቅዱ ማንም እንዳይሰማው፣ አሉ። ሬዲዮ ላይ እሳቸው በሕይወት እያሉ እንዳይወጣ፣ ከሞቱ በኋላ ግን የልጅ ልጆቻቸው እንደወደዱ። ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች፣ ሁለት ጊዜ፤ ቆጣሪው ሲራመድ አየች፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስማቸውን ተናገረችና ያሉትን እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። ፈቃዱ ራሱ የመጀመሪያው ቅጂ ሆነ። በወረቀት ከሚፈረም ፈቃድ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የራሱ ቃል በራሱ ድምፅ ነው።

ከዚያ የቡናውን ጊዜ አሳለፈች። ሙቀጫውን ቀዳችው፣ የጀበናውን ድምፅ ቀዳችው፣ ማንም ሳይናገር ክፍሉን ብቻውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀዳችው። የክፍሉ ዝምታ ኋላ ቅጂ ሲቆረጥና ሲቀጠል መሃል ይገባል። እማማ በዚህ መካከል መሣሪያዋን ማየት ትተው ነበር።

ልጅቷ በልምምድ ያሸነፈችው አንድ ጠባይ ነበራት፣ የሁላችንም ጠባይ። ሰው ሲያወራን ዝም አንልም። «እሺ»፣ «አሃ»፣ «ውይ» እንላለን፤ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «እ» እንላለን። ፊት ለፊት ሲሆን ማክበር ነው፤ ቅጂ ላይ ግን በእማማ ቃል ላይ የሚወድቅ ሌላ ድምፅ ነው። ስለዚህ በራሷ ነቀነቀች፣ በዓይኗ ተከተለች፣ አፏን ግን ዘጋች። እማማ ዝም ሲሉ እሷም ጠበቀች። ቸኩላ ሌላ ጥያቄ ብትወረውር ኖሮ ከዝምታው በኋላ የመጣው አይመጣም ነበር። የመጣው በ1977 መንገድ ላይ ስለቀበሯት ጎረቤታቸው ያወረዱት ሙሾ ነው። ድንኳን አልነበረም፣ ንፍሮ አልነበረም፣ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። እሳቸውና አንዲት ሌላ ሴት ብቻ። ግጥሙን እዚህ አልጽፍም፤ ፈቃዱ የለኝም። የድምፅ መስመሩ ግን ከሹክሹክታው ተነስቶ ወደ ዜሮው ሲቃረብ ልጅቷ አይታዋለች፤ አልነካውም፤ የተተወው ቦታ በቃ።

ሰፈሩ ጸጥ ብሎ አልቆየም። ከውጭ የአሮጌ ዕቃ ገዢው «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ እየቀረበ መጣ፣ በር ላይ ደረሰ፣ አለፈ። ልጅቷ ቅጂውን አላቋረጠችም። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ አላይም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያን ቅጂ የሚሰማ ሰው የጎፋን ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት አብሮ ይሰማል፤ ቁራሌው ያኔ ይኖር አይኖር ማን ያውቃል።

አንድ ቦታ ላይ እማማ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቺን አትያዢያት ልጄ» አሉ። ልጅቷ አልተከራከረችም፣ «ኋላ አጠፋዋለሁ» ብላም አላታለለቻቸውም። ቁልፉን ተጫነች፣ ቆጣሪው መቆሙን አሳየቻቸው፣ ድንጋዩን አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ አወሩ። ምን እንዳወሩ እኔም አልጠየቅሁም። ሲጨርሱ ድንጋዩን ራሳቸው መልሰው ሰጧት፤ ቅጂው ቀጠለ።

ማታ ጀሞ ስትመለስ ሥራዋ አላለቀም። መብራት ስለነበር ወዲያው ካርዱን አውጥታ ወደ ኮምፒውተሯ ገለበጠች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ኢንተርኔት ሲገኝ ወደ አጎቷ። አንዱ ቢሰረቅ፣ አንዱ ቢበላሽ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ይቀራል። ሦስቱም ቦታ ተከፍቶ መሰማቱን ሳታረጋግጥ ካርዱን አላጠፋችም። የፋይሉን ስም በቀን፣ በቦታና በርእስ ቀየረችው፤ በደብተሯም በስንተኛው ደቂቃ ምን እንዳለ ጻፈች። ይህ ደብተር ባይኖር ቅጂው የማይከፈት ሳጥን ነው፤ ማንም ሙሉ ሰዓት ሰምቶ አንዲት ስንኝ አይፈልግም።

ከዚያ መገልበጥ፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ። ከቅጂው ሥራ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። የአንድ ሰዓት ቅጂ የብዙ ሰዓት ጽሑፍ ነው፤ ሙሾ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ትሰማለች፣ የሰሜን ሸዋ ቃል ሆኖ ሳይገባት ይቀራል፣ ስልክ ትደውላለች፣ እማማ ከነትርጉሙ ከነታሪኩ ይነግሯታል፣ እሱም ሌላ ቅጂ ይሆናል። እሷ ስትገለብጥ እንደተባለው ነው የምትጽፈው፤ የተደገመውን አትቆርጥም፣ ያልተሰማትን በግምት አትሞላም፣ «አልተሰማም» ብላ ደቂቃውን ትጽፋለች።

ወሬው በዕድሩ ተሰማ። የዕድሩ ዳኛ እማማ ቤት መጥተው «እኛንም ያቺ ልጅ ትቅዳን» አሉ። ዳኛው ያሰቡት ስለ ሰፈሩ ነው፤ ጎፋ እንዴት እንደተቆረቆረ፣ ዕድሩ በስንት ብር መዋጮ እንደጀመረ፣ መጀመሪያ የተገዛው ድንኳን የት እንደደረሰ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። ልጅቷ ተስማማች፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀች። ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስበው እንዳያወሩ፤ አንድ ማይክ ላይ አሥር ሽማግሌ ሲከራከር ማን ምን እንዳለ አይለይምና። አንድ በአንድ፣ በየቤታቸው፣ እያንዳንዱ ስለሚሰማው ሰው ራሱ እየወሰነ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሳሪስ ነው። እዚያ አደይ አበባ ክር ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ከፋብሪካው ጩኸት የተነሳ ቀኝ ጆሯቸው ደክሟል። ልጅቷ አስቀድማ ሄዳ ቤቱን አይታዋለች፤ ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል መርጣለች። በግራቸው ትቀመጣለች፣ ጥያቄውን ጮክ ብላ ስትጠይቅ የራሷ ድምፅ መስመሩን እንዳያልፍ መጠኑን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ስለ ማሽኖቹ ልትጠይቃቸው ነው፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሠራተኞቹ በምን ይግባቡ እንደነበር፣ ክሩ ሲበጠስ በእጅ ምልክት እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ደመወዝ ሲቀበሉ ምን እንደሚሉ። ሁለተኛ ካርድ ገዝታለች፣ በፊልም ሞልታ ፈትናዋለች፣ አዲሱ ድንጋይ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጋሼ ረቡዕ ከሰዓት ይመቸኛል ብለዋታል፤ ባቡሩ የሚያልፍበትን ሰዓት እንኳ በደብተሯ ይዛዋለች።